የከድር ባሩድ ሲፈተሽ

ሰኞ

ዛሬም «ሲጋራ ነው» አሉ። ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ፣ ሁለት ሴቶች። የድንጋይ ካባው ልጅ እኮ ባሩድ መጋዘን ውስጥ ሲያጨስ ነው የሞተው። ያ ልጅ ወንድሜ ከድር ነው። ሳልደርስ ወረድኩ፤ ቀሪውን በእግሬ።

እማዬ ከለቅሶው ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ዳቦ የምገዛው እኔ ነኝ። «ባለሱቁ ምን አለህ?» ትላለች። ምንም፣ እላታለሁ።

ማክሰኞ

ቶሎሳ መጣ። ካባው ላይ ከከድር ጋር ይሠራ ነበር። «ጃባዱ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። አልገባም ብሎ በር ላይ ቆመ። ከዚያ ነገረኝ፦ ባሩድ መሬት ላይ ሲፈስ አይጣልም። እንዳይባክን በአካፋ ይታፈስና ከነአሸዋው ወደ ጆንያው ይመለሳል። የዚያን ቀን ተረኛው ከድር ነበር። «ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ለፖሊስም ነግሬያለሁ።»

ከጆንያው የተረፈውን ላቦራቶሪ ወስደውታል። ሐሙስ ይፈተሻል፤ ቤተሰብ ማየት ይችላል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ሲጋራ ነው ቢሉስ?

ረቡዕ

ፊዚክስ። ሰበቃ። መምህሩ «እጃችሁን አፋትጉ» አለ፤ ክፍሉ በሙሉ አፋተገ፣ ተሳሳቀ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ምን እንደሚሉኝ ጨንቋቸው ይመስለኛል።

ሐሙስ

ከአጎቴ ጋር ላቦራቶሪው ሄድኩ። መርማሪዋ መስታወት ጀርባ አቆመችን። መሣሪያው የልብስ ስፌት መኪና ቢያክል ነው። ነጭ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ቁንጥር ባሩድ አደረገች፣ የሸክላ ዘንግ አሳረፈችበት፣ ዘንጉን እንዲጫነው ክብደት ሰቀለች። ሰሌዳው ወዲያና ወዲህ አለ። ንጹሑ ባሩድ በትልቁ ክብደትም ዝም። ደጋገመችው፤ ዝም። አሸዋ የገባበት ግን በትንሹ ክብደት ጧ! አጎቴ ክንዴን ጨመደደኝ።

«እሳት ሳይነካው?» አልኳት።

«ሳይነካው። አሸዋ ካለበት የአካፋው መፋተግ ይበቃዋል። ቦታው ላይም ሲጋራም ክብሪትም አልተገኘም።» ከዚያ «አይዞህ፣ የኔ ወንድም» አለችኝ።

ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። «አደገኛ መሆኑን አላወቀም?» አለች።

«ማንም አልነገራቸውም፣ እማ።»

ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ከግቢ ወጣች! ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን በስም ጠርታ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ልጄ አላጨሰም!» አለች።

እኔ ቤት ቀረሁ። ደስ ብሎኛል መሰለኝ። ለአንድ ሰው ማውራት አማረኝ፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ አጎቴ ድንጋጤ፣ እማዬ እንዴት እንደጮኸች። እንዲህ ያለውን የማወራው ለከድር ነበር።