ከማን ጎን ነህ?

ኅዳር 4 ቀን 2008
ቅዳሜ። የሰበታ ገበያ ጢም ብሎ ነበር። የሳሙናው መኪና ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተዋወቅኩ... «ፏፏቴ ሳሙና፣ ፏ በሉ!» በአማርኛም በኦሮምኛም። ሴቶቹ ስሜን ድንቅቱን ትተው «ፏፏቴ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 27
አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ እኛም ጋ ደረሰ። ሱቅ ሁሉ ዝግ። የብዙ ሰው ልጅ ታፍሷል።

ታኅሣሥ 2
ሥራ አስኪያጁ አቶ በሪሁን ቢሮ አስጠሩኝ። አዲስ ማስታወቂያ... «ድርጅታችን ከማስተር ፕላኑ ጎን ቆሟል።» በኦሮምኛም ላነበው ነው! ፉሪ ያለው የአጎቴ የኦቦ ዲሪርሳ ማሳ ፕላኑ ውስጥ እንደገባ ነገርኳቸው። ሥራና ዘመድ አታቀላቅዪ አሉኝ። ወረቀቱን መለስኩ።
«ሳሙና እሸጥልዎታለሁ። መሬት ግን አልሸጥልዎትም።»
ከዚያ ወጣሁ። ሥራውም እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ 10
ማስታወቂያውን በሌላ ሴት አስነበቡት። ጎረቤታችን ሮዛ ሱቅ ጎራ አልኩ። የፏፏቴ ካርቶን እንደታሸገ ነው። ዋጋ ብትቀንስም የሚያነሳው የለም። አንዷ እናት «ልጄን ካሰሩት ጎን ቆሜያለሁ ባለ ሳሙና የልጄን ልብስ ልጠብ?» አለች አሉ።
ሳሙናው እኮ ያው ነው... አረፋው አልቀነሰም። ታዲያ ምኑ ተለወጠ?

ታኅሣሥ 21
እማዬ ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለሺ ትላለች። ምን አጥፍቼ?

ጥር 5
ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰፈሩ እልል አለ። ኦቦ ዲሪርሳ ብቻ «እስቲ እናያለን» አሉ።

ጥር 9
አቶ በሪሁን ቤት ድረስ መጡ። ሌላ ወረቀት... «ምንጊዜም ከሕዝባችን ጎን ነን።» ምንጊዜም?! ያንቺን ድምፅ ሰው ያምነዋል አሉ። እሱን ነው እኮ የማልሰጣቸው።
«ይቅርታ ከሆነ በራስዎ አፍ ይበሉት። እኔ አስተረጉማለሁ» አልኳቸው። ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።

ጥር 14
መጡ! ገበያው መሃል ቆመው «ተሳስተናል» አሉ። ተረጎምኩ፣ አንድ ቃል አላሳመርኩም። ማንም አላጨበጨበም። ሳሙና የገዛም የለም።
ኦቦ ዲሪርሳ ከሕዝቡ መሃል ወደ ፊት ወጡ። በኦሮምኛ ጠየቁ... «ላፍቲ ሆ?» መሬቱስ? ነገ በሌላ ስም ቢመጡበት ከማን ጎን ነህ?
ተረጎምኩላቸው። አቶ በሪሁን ዞረው እኔን አዩ፣ መልሱን እንደ ማስታወቂያው እኔ እንድልላቸው።
ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁት።