ከአባ ጭምብል ክር ላይ ያልወረደው ቁራጭ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «አባ ጭምብል» እየተባሉ የሚጠሩት አባታችን፣ ከቤት ቀቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ጥቅምት 14 ቀን 1941 ዓ.ም. ከጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብለን እንዳንዋሽ አብረዋቸው የተማሩት እዚሁ ተቀምጠዋል። በ1960 ዓ.ም. በቴአትር ቤት የመድረክ ቁሳቁስ ክፍል በቀቢነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አላሉም።

ሥራቸው ላቴክስ ከሚባለው ፈሳሽ ጎማ የሚሠሩ ጭምብሎችን ማቅለም ነበር። ተራ ቀለም ጎማ ላይ ሲቀባ፣ ጎማው በተለጠጠ ቁጥር ይሰነጠቅና ይላጣል። ስለዚህ ቀለሙን ከራሱ ከፈሳሹ ጎማ ጋር ይለውሱት ነበር። ፈሳሹ ወተት ስለሚመስል ርጥቡ ቀለም ፈዛዛ ነው፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። አባታችን ይህን የተማሩት በተቀጠሩ በወሩ፣ የአሥራ ሁለት ሙሽሮችን ጭምብል አቅልመው በማግሥቱ አሥራ ሁለት ከል የለበሱ አልቃሾች መስለው ሲያገኟቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የለወሱትን ቀለም ጣት በምታህል የጎማ ቁራጭ ላይ ቀብተው መስኮቱ አጠገብ በተወጠረ ክር ላይ ይሰቅሉና አንድ ቀን ይጠብቃሉ። «ርጥብ ቀለም ሸንጋይ ነው» የሚለው አነጋገራቸው የሰፈሩ ሁሉ አባባል እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የአልባሳት ክፍል ሠራተኛ የነበሩትን እናታችንን በሕግ አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የንጉሥነትን ቦታ ለሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ የገዛ ፊታቸውን የሚመስል ጭምብል ታዘዘ። ቁራጩ ሲደርቅ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ላለው ቆዳ የተለወሰው ቀለም ወደ ቢጫ አደላ። ሦስት ጊዜ ቢለውሱትም ያው ሆነ። ተዋናዩ ስቀው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ነው ወይስ ሎሚ ነው የምትሠራው?» አሉ። በአራተኛው ወር ጉበታቸው ታሞ አረፉ። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ሰው አባታችን ፊት ለመቀመጥ ፈራ፤ ከፊሉ ደግሞ ጭምብል ሳያስፈልገው «እስቲ እዩኝ» እያለ መጣ። እሳቸው ጠንቋይ አለመሆናቸውን ሲያስረዱ ኖረዋል። ሐኪም አምስት ደቂቃ የሚያየውን ፊት እሳቸው ቀኑን ሙሉ ነጭ መብራት ሥር ያዩታል፤ አእምሯቸው ልብ ያላለውን እጃቸው ይለውሰዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

በ1990 ዓ.ም. እናታችን ለአንዲት ንግሥት ጭምብል ፊታቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ቁራጩ ደርቆ አመድማ ሆነ። አባታችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩን አላመኑትም። ቀለሙ ተበላሽቷል ብለው ቆርቆሮውን ጣሉ፤ ጭምብሉን ጉንጩ ቀላ ያለ አድርገው ጨረሱት፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እናታችን በስምንተኛው ወር አረፉ። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ብሎ ነበር። አባታችን ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት አልሠሩም፤ አውሬና ጋኔን ብቻ አቀለሙ። እኛም የዕድሜ ነገር መስሎን ስንቀልድባቸው ኖርን።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ባለፈው ወር ሦስታችንንም ሰብስበው ስለ እናታችን ቁራጭ ነገሩን። እያለቀሱ ነው የነገሩን። ከዚያም ክፍላቸው መስኮት አጠገብ ክር አስወጥረው፣ መስታወት አስመጥተው የራሳቸውን ፊት ቀለም ለወሱ፤ በማግሥቱ የደረቀውን አይተው ልብሳቸውን ለሰው አከፋፈሉ። ቀጥሎ ልጆቻቸውን በተራ አስቀመጡ። የታላቅ ወንድማችን ቁራጭ ደረቀ፤ አዩትና ሳሙት። የእህታችንም ደረቀ፤ እሷንም ሳሟት። የመጨረሻ ልጃቸውን ትናንት ጠዋት አስቀመጧት። ረጅም ሰዓት አዩዋት፤ ለወሱ፤ ቁራጩን በራሳቸው እጅ ክሩ ላይ ሰቀሉ።

አባታችን ትናንት መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ቁራጩ ያን ጊዜ ገና ርጥብ ነበር። የሁለት ወንዶችና የአንዲት ሴት ልጅ አያት ነበሩ።

ይህን የምታነብላችሁ የመጨረሻ ልጃቸው እኔ ነኝ። ክፍላቸውን ቆልፌ ነው የመጣሁት፤ ቁራጩ እስካሁን ደርቋል። ከዚህ ስንመለስ ወንድሜና እህቴ ባሉበት አየዋለሁ፤ መልኩ ምንም ይሁን ምን አልደብቅም።

ፈጣሪ ለአባታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእኛም ያየነውን የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።