የናፍጣዋ መኪና በደባርቅ ብርድ

ደባርቅ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አበባ የቤንዚን መኪናዋን በትንሽ የናፍጣ መኪና ልትለውጥ ፈልጋ የኔን ቃል እየጠበቀች ነው። ናፍጣ ለጭነት እንጂ ለቤት መኪና አይሆንም ስል ኖሬያለሁ። ለሙከራ ያመጣቻት መኪና ደጅ አደረች። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ናፍጣ በብርድ አይነሳም ብዬ፣ እንደ ድሮ ሾፌሮች ሞተሩን ከሥር ላሞቅ ፍም በብረት ድስት ይዤ ወጣሁ።

«አባባ፣ የሰው መኪና ሊያቃጥሉ ነው?» ብላ ጮኸች። ቁልፉን አንዴ ብታዞረው ሞተሩ ተነሳ። ፍሙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ነዳጅ ሞልተን፣ አንድ ኩንታል ገብስ ጭነን ተራራው ላይ ቡይት ራስ ደርሰን ተመለስን። ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። የጎደለውን ናፍጣ ከጀሪካን በጣሳ እየሰፈርኩ ሞላሁ፤ ሦስት ጣሳ እንኳ አልፈጀም። ባለፈው ሳምንት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ የቤንዚኗ አምስት ጠጥታለች። አላመንኩም፤ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውንም ሰፈርኩ። ሒሳቡ ያው ነው። ለሰው ልጅ ይህን ጥበብ የሰጠ አምላክ ምን ይሳነዋል!

«እንግዲህ ምን ይላሉ? የመኪናዋ ባለቤት ነገ መልስ ይፈልጋል» አለችኝ።

«ጠዋት ደግመን እንውጣና እነግርሻለሁ።»

አሁንም የተጠራጠርኩ መስሏት ተከፋች። ያንን ዳገት እንደገና ልወጣው ብቻ እንደፈለግሁ አልነገርኳትም።