ያለ ፈቃድ የገነባሁት አጥር

ወንድሜ አናጺው፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሌላ የሚወራ የለኝም። በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ባለው የሕንፃ ፎቶ እንዳትቀና፤ የምንኖረው እዚያ አይደለም።

የምንኖርበት ግቢ አጥር አንድ ጥጉ ፈርሶ ነበር። ሚስቴ በነርስነት በተቀጠረችበት የሰው አገር ሆስፒታል ስትውል፣ እኔ ተከትያት የመጣሁት ባሏ ዝም ብዬ ማየት አላስችል ብሎኝ በሦስት ቀን ቀጥ አድርጌ ገነባሁት። እኛ አገር ቢሆን ባለግቢው መርቆ ምሳ ይጋብዘኛል። እዚህ የግቢው ኃላፊ እየጮኸ መጣ። ሚስቴ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ስለ እኔ ይቅርታ ለመነች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"በሚስቱ የመኖሪያ ፈቃድ አገሩ የገባ ሰው በነጻም ቢሆን መሥራት አይችልም አለ።"

በማግስቱ አፈረሱት። አርባ ዓመት ስገነባ አንድ ድንጋይ ያፈረሰብኝ የለም!

ይህን የምትጽፈው እሷው ናት። "ይሄስ ይቅር" ብትለኝ፣ "ያልኩሽን ጻፊ" አልኳት።

አንተ ጋ የተውኩትን የግንበኝነት መሣሪያዬን፣ ውሃ ልኩንና ቱምቢውን፣ ለታላቁ ልጅህ ስጠው፣ ዝገት ከሚበላው ይሥራበት። እኔ ከእንግዲህ አልነካውም።

ካርዱ ሞላ አለችኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ግንበኛው ምን ይሠራል ያሉህን፣ ሚስቱ እስክትመጣ ይቀመጣል በላቸው።