ሽምብራ የምታህል ዕጢ

ጭሮ፣ ግንቦት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ቀነኒ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ገብቶልን ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። እኛም ደህና ነን። ዛሬ ይህን ስልሽ ከልቤ ነው፤ ባለፉት ወራት ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። የምነግርሽም ነገር ለስልክ የሚመች አይደለም። ዓሊዩ የሚባል ተማሪ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኮርያ ሊሄድ መሆኑን ስሰማ ይህን ጽፌ በእጁ ላክሁልሽ። እናትሽ ታማ ነበር፤ አሁን ድናለች። በይ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

ኅዳር ላይ ስለ ምርምር ሥራሽ የነገርሽንን ታስታውሻለሽ። ጎረቤታችን ረዲያ የጫት መደቧን ዘግታ መጥታ ሦስታችን ስልኩን ከበን ተቀምጠን ነበር። በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች እንደምትሠሪ፣ ደም እንዳይጠላቸው ፖሊመር የሚባል ስስ ልባስ እንደምታለብሻቸው፣ ዕጢ ያለባት የሙከራ አይጥ ውስጥ ሲገቡ ዕጢው ላይ ተሰብስበው እንደሚያበሩ፣ ከዚያም በብርሃን ሲሞቁ ዕጢውን እንደሚያቃጥሉት አስረዳሽን።

"አይጧ ተረፈች?" አለች ረዲያ።

"ተርፋለች፣ እየበላች ነው" አልሽ።

እናትሽ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችሽ። "ዕጢው ምን ያህል ነበር?"

"ሽምብራ ቢያህል ነው።"

"ያማት ነበር?"

"መጀመሪያ ላይ አያምም እኮ እማዬ። ሰውም ችላ የሚለው ለዚህ ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ እናትሽ ሣራ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። "ቶላ" አለችኝ፣ "እኔም ጡቴ ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር አለኝ። ስለማያመኝ ዝም ብዬው ነው።"

ብድግ ያለችው ረዲያ ናት። "ነገ ሐኪም ቤት ነን። ጫቱ ይድረቅ።" ጫቱም ደረቀ። የጭሮ ሐኪሞች ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለው ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን፤ ረዲያም አብራን ተሳፈረች።

እዚያ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ሐኪሟ ዶክተር ፈለቀች አስጠራችን። "ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም። ብዙ ሰው የሚመጣልን ከረፈደ ነው። እናንተን ማን መከራችሁ?"

"አይጥ" አለች ረዲያ።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ስላንቺ ልነግራት ጀምሬ እንባዬ ቀደመኝ፤ የቀረውን ረዲያ ጨረሰችልኝ።

ከዚያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት መጣ። ከባድ ነበር፤ አልዋሽሽም። ፀጉሯ ሲረግፍ ረዲያ ከሻሾቿ ደማቅ ደማቁን መርጣ አመጣችላት። እናትሽ በእነሱ አጊጣ ከመዘምራኑ መሀል ቆማ ትዘምር ነበር። ላንቺ ያልነገርነው ቃል ስላስገባችኝ ነው፤ "ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች" ብላ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ፈለቀች መርምራት "ንጹሕ ነሽ፤ ከእንግዲህ ለክትትል ብቻ ነው የምትመጪው" አለቻት። እናትሽ ጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች። አንዳንዱ ያንቺ መድኃኒት ያዳናት መስሎት ሲያወራ ሰምቼ አረምኩት። የልጄ ቅንጣቶች ገና ለሰው አልደረሱም፣ ሣራ የዳነችው በቀዶ ሕክምናና በተለመደው መድኃኒት ነው አልኩ። ሴቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ተጠራርተው እየተመረመሩ ነው። ረዲያማ ደንበኛ ስትመጣባት "መጀመሪያ ተመርምረሽ ነይ" ትላለች። ከሚኤሶ ጫት ልትገዛ የምትመጣው ፋጤ በዚሁ ሰበብ ሕመሟ ተገኝቶ በጊዜ ተደርሶላታል።

ስናወራ "ኔትወርክ ነው" እያልኩ ምስሉን የማጠፋብሽ እናትሽን እንዳታያት ነበር። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በኋላ እሁድ ስትደውዪ እከፍተዋለሁ። ፀጉሯ ገና አጭር ነው፤ አትደንግጪ። አምሮባታል።

ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እጆችሽን ጌታ ይባርክ፤ የጀመርሽው ለሰው ይድረስልሽ። ለመምጣት አትቸኩዪ፣ ትምህርትሽ ይቅደም። ክፍልሽን አዲስ ቀለም ቀብተነዋል፤ ትመጫለሽ ብለን አይደለም፣ እንዲያው ግድግዳው ስለቆሸሸ ነው።

አባትሽ ቶላ