ከዱባይ የመጣችው እናት

ቱሪያ እህቴ፣

ፈቃዴ አልቋል፤ የካምፑ መኪና ሳያመልጠኝ ልውጣ ብዬ አልቀሰቀስኩሽም።
የልጄ የኢፍራህ የሳል ሽሮፕ ፍሪጁ በር ላይ አለ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ ስጫት።
ደቻቱ ወንዝ ከሞላ ትምህርት ቤት ትቅር።

"እናትሽ ዱባይ ናት" እያልሽ እንደምታሳድጊያት የሰማሁት ግን ከራሷ አፍ ነው። አቦ፣ ወታደር እህት አሳፈረችሽ? እኔም ውሸትሽ እንዳይጋለጥ ብዬ እዚሁ ታይዋን ገበያ ገብቼ አሻንጉሊት ገዛሁላት። ወላሂ፣ በባጃጅ የሚደረስበት ዱባይ ያየሁት ድሬ ብቻ ነው! እሷ ደግሞ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና "ይቺንማ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ታይዋን አይተናታል" አለችኝ።

ግንባር መሆኔን ሰምታ እየባነነች እንዳታድር ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ በሌለሁበት ሦስት ዓመት ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፤ የምናገርበት አፍ የለኝም።

ትናንት ከአልጋ ስር የደበቅኩትን ከስክስ ጫማዬን አውጥታ በሻርፗ ስትወለውል አገኘኋት።
"እማ፣ ዱባይ ጭቃ አለ እንዴ?" አለችኝ።


ዱባይን የምታውቂያት አንቺ ነሽ፤ አንቺው ንገሪያት።

ሉብና