ለድምፅ ልክ ብዬ የጠየቅሁት

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ብናደድብህም ደህና መሆንህን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ እረፊ ብትባል ግን አትሰማም። አባባም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጢሙን ይላጫል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ደሜ ፈልቷል። ያፈላኸውም አንተ ነህና ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ቆመህ እንዳታነበው፤ ቁጭ በል።

መልእክትህ ደርሶኛል። ትልቁ ጣቢያ በሙዚቃ ፌስቲቫሉ ላይ የሠራነውን ዝግጅት ለአገር ምድሩ ሊያስተላልፈው ወዷል፤ አንተንም ቅንብር ክፍል ሊቀጥርህ ነው፤ የቀረው የአባባ ፈቃድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከጻፍክ በኋላ መጨረሻው ላይ እንደ ዋዛ፣ አንቺ ስለምትቀርቢው አንቺ ጠይቂልኝ ብለሃል። ስትጽፈው ትንሽ እንኳ አላፈርክም? እንኳን ደስ አለህ ልልህ ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

የረሳኸው ስለመሰለኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የተማሪዎች ሬዲዮ ፌስቲቫሉ ላይ ሙዚቀኞችን ቃለ መጠይቅ እንድናደርግ ሲልከን፣ አባባ ቤዝ ጊታር የሚጫወትበት ባንድ የደረሰው ለእኛ ነበር። አስተባባሪያችን ሌላ ሰው ቢያጣ ነው የፈቀደልን፤ ቤተሰብነታችሁ በማይክ እንዳይሰማ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ አንቱ በሉት ብሎ አስጠነቀቀን። አባባ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሳቀ መቼም አትረሳውም። ሽንት ጨርቃችሁን ያጠብኩላችሁ ልጆች ዛሬ አንቱ ልትሉኝ ነው፣ በሉ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ልቀመጥ ብሎ ኮቱን ቆለፈ።

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ድንኳን ውስጥ ገባን። አንተ አንዱ የስፒከር ሳጥን ላይ ተቀምጠህ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ ደፋህ፤ እኔ ማይኩን ያዝኩ። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት አንተ የድምፁን ልክ እንድታስተካክል እንግዳው ጥቂት ማውራት አለበት። ለዚህ ደግሞ ሁሌም የምንጠይቀው ቁርሱን ነው። መልሱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የሚፈለገው ድምፁ ነው። እኔ ሞኟ አንቱታውን ገና አልጀመርኩትም ነበርና፣ አባባ ቁርስ በላህ ወይ አልኩት፤ ልክ ቤት እንደምጠይቀው።

እሱም ቤት እንደሚመልስልኝ መለሰልኝ። አልበላሁም አለ። ጠዋት ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ ሻዩን ይደፋዋል፣ እናትሽ እንዳታይብኝ ሳልቀምስ እወጣለሁ፤ ረፋዱ ላይ ቀለል ይለኛል፤ የባንዱ ልጆችም አልነቁብኝም፣ አስቸጋሪው ቦታ ላይ ስንደርስ ለሌላው ጊታር ተጫዋች እለቅለታለሁ አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ዞሬ አንተን አየሁህ፤ አንተ አውራ ጣትህን አነሳህ፤ ድምፁ ተስተካክሏል ማለትህ ነው። ከዚያ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ አልኩት፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሙዚቃ ፍቅርና ለወጣቶች ስለሚሰጠው ምክር እንደ ጋዜጣ ማውራት ጀመረ።

ቃለ መጠይቁ ውሃ ውሃ እንደሚል እኔም ብያለሁ፤ አልክድም። አንተ ግን በር ዘግተህ ምን ሠራህ? ለድምፅ ልክ የቀዳኸውን አውጥተህ መግቢያ አደረግኸው። «አባባ» ያልኩበትን ድምፄን ቆርጠህ ጣልከው፤ በቦታው የሬዲዮአችንን ዜና አንባቢ ልጅ «ቁርስዎን በልተዋል?» አስብለህ ቀዳህ። «እናትሽ» ያለበትንም ቆረጥከው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ መገጣጠሚያው አይታወቅም። አባታችን ለማያውቃት ሴት ገመናውን ሲዘረግፍ ተሰማ። እሱ ደግሞ ለማያውቀው ሰው እንኳን ስለ እጁ ስለ ጉንፋኑም አያወራም። የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ለእኔ ነው የነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት የእኛ ሬዲዮ በፌስቲቫሉ ግቢ ሁሉ ሲለቀቅ፣ እማዬ ባንዱን ልታይ መጥታ እዚያው ውሃ ለመግዛት ተሰልፋ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረች ሴት የባሏን እጅ ነገር ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ስፒከር ሰማች። የባንዱ መሪም ሰማ። ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ጋሼ ለዛሬ አረፍ ይበሉ ብቻ ነው ያለው፤ ያቺ «ለዛሬ» ይኸው እስካሁን አላለቀችም። አባባ የጊታሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ለብቻው ሲጠቀልል ላግዘው ብል ተይኝ አለ። እጁ በሰው ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከእንግዲህ ከማን ይደብቀው? ማታ በእሱ ቦታ አንድ ጎረምሳ ተጫወተ።

አንተን ግን ተማሪው ትከሻው ላይ አውጥቶህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣህም። መጀመሪያ ፈተና አልክ፤ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልክ። አሁን ደግሞ፣ ያስተላለፍኩት እውነት ነው፣ ከራሴ የጨመርኩት ቃል የለም ብለህ ትጽፍልኛለህ። የቆረጥከውስ? ጋዜጠኛ መሆንህ ይሁን እሺ። ልጅነትህንም አብረህ ቆርጠህ ጣልከው እንዴ?

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብደብቅህ ደስ ባለኝ ነበር። ዝግጅቱ በተማሪዎች ሬዲዮ በየሳምንቱ ይደገማል። ሲጀምር እማዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። መጀመሪያ ቀን ልዘጋው ብነሳ አባባ በዓይኑ ከለከለኝ። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያሳልፈዋል፤ ያቺን ልጅ፣ ቁርሱን፣ እጁን፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ እንደማይሰማ ሰው። ወደ ሬዲዮው ጠጋ የሚለው መጨረሻ ላይ የአዘጋጆቹ ስም ሲነበብ ነው። ቅንብር ብለው ስምህን ከነአባትህ ሲጠሩ ይሰማና ያጠፋዋል። ባለፈው ሳምንት አንባቢዋ ቸኩላ ነው መሰለኝ ስምህን ዘለለችው። ሌላ ዝግጅት ከጀመረ በኋላም ሬዲዮውን ሳይዘጋው ቆየ። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ ልጁን ከሥራው አስወጡት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ ፈቃዱን አልጠየቅሁልህም፤ አልጠይቅልህምም። ራስህ መጥተህ ፊቱ ተቀምጠህ ጠይቀው። እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ እንዳይመስልህ። እንዲህ የሚያንገበግበኝ የሚመልስልህን ስለማውቅ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ ልብም ይስጥህ። በሄድክበት እንቅፋት አይምታህ፤ አስቀድመህ ግን ወደ ቤት ና።

እህትህ